እጅ መስጠት

መጋቢት ነው በታርቱ፤ ወንዙ ላይ በረዶው ይሰነጠቃል፤
ሄይኖ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ ካቻቪቴ ይሰብቃል።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየመዝጊያው ደረት ላይ
አንዳንድ ክብ እጀታ ነበር፣ የሸክላ አዝራር መሳይ፤
ነጭ፣ ልሙጥ፣ ሲነኩት ብርድ ብርድ የሚል፤
ሌይዳ ናት የመረጠችው፣ ከሱቁ ጥግ፣ ከርካሹ ክምር መሐል።

ዛሬ ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል፣ አንጓ አንጓቸው አብጦ፣
ክቡን ጨበጥኩ ስትል ይሄዳል አምልጦ።
ጧት ጧት ከስኳሩ ሳጥን ጋር ስትታገል
አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል፤ “ልርዳሽ?” ግን አይል።
አንዴ ብሎ አይቶታል፤
“ለቁም ሳጥን እጅ ልስጥ?” ነበር ያለችው፣
ማንኪያ ከሥሩ ሸጉጣ ፈልቅቃ የከፈተችው።

አሁን ፔርኑ ናት፣ ሐኪም ባዘዘላት የጭቃ መታጠቢያ፣ ለሦስት ቀን።
እሱም በሌለችበት ካርቶን ታቅፎ ገባ፤
አሥራ ስድስት ረዣዥም መያዣ፣ አራት ጣት የሚያስገባ።

ክቡ በአንድ ብሎን ይኖር ነበር፤ ረጅሙ ሁለት ይሻል፤
አንዱ ቀዳዳ አለ፤ ሁለተኛው ገና ይበሳል።
ከወተት ካርቶን ልኬት ቆረጠ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰካ፤
አሥር ጊዜ እየለካ
አንድ ጊዜ በሳ። ሰጋቱራው
የትናንት ዳቦው ላይ እንደ ዱቄት አረፈ።

ሰባተኛው ላይ ስልኩ ጮኸ።
“ምን ትሠራለህ?”
“ምንም” አለ፣ ትራፓኖው በሌላ እጁ እንደ ሞቀ።
“ጭቃው እንዴት ነው?”
“ጭቃ ነው።”
ከዚያ የበሳው ቀዳዳ በጥፍር ስፋት ሸሸ።
በስቱኮ ደፈነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፤
ጠባሳው ግን፣ ቢያሸውም፣ ቢቀባውም፣ እዚያው ነው።

ሐሙስ ማታ ገባች። ካፖርቷን ሳታወልቅ
አንዱን ሳበች በጣቷ፣ ሌላውን በእጅ አንጓዋ፣
ሦስተኛውን በክርኗ፤ ፊቷ ግን ሳይሥቅ።

“ሰባተኛው ጠማማ ነው” አለች።
“አዎ።”
“ክቦቹስ?”
የማርማላታ ጠርሙስ ከመስኮቱ ሥር አወረደላት፤ ሁሉም እዚያ ናቸው።
አንዱን አወጣች፤ መዳፏ ላይ አንከባለለችው።
“እና አንተ ነህ እጅ የሰጠኸው።”
“ለአሥራ ስድስቱም” አላት።

አሁን ጧት ጧት ስኳሩ ይከፈታል፣ ድምፅ የለውም።
ሄይኖ ዐይኑን ገልጦ ይተኛል፣
ጆሮው ያን ፍልቀቃ ይጠብቃል፤
ሻዩ ይፈላል፣ ማንኪያው አይመጣም።