ክፉ ውሻ አለ

ሥራዬ ማንበብ ነበር፤ መጽሐፍ ግን አይደለም፤
በየቤቱ ጀርባ፣ በመስታወት ጓዳ፣
የምትዞር ቀጭን ሳህን፣ ገመና የምታስረዳ፤
ሌላ ፊደል የለም።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣
ለሸለቆው መብራት ኩባንያ ስቆጥር፣
የማን ቤት እንግዳ እንደሰነበተ፣
ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣ ማን በሌሊት እንደሞተ፣
ከቁጥሩ አውቅ ነበር።

ጋንት ላንዲንግ ላይ አራት ጭስ ማውጫ ቆሞ፣
ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ከኮረብታው ቀድሞ፤
ዐሥራ አምስት ጀልባ በአንድ ሽቦ ታስሮ፣
ጥቁሩ ድንጋይ ይመጣል ከላይ ተቆፍሮ።
እሳቱ ይውጠዋል፤ ተርባይኑ ያጓራል፤
ብርሃኑ ከጣሪያችን በላይ ወደ ሩቅ ከተማ ያልፋል።

ቨርነን ስትሪክላንድ፣ የክምሩ ጌታ፣
በቢጫ ዶዘር ላይ ከንጋት እስከ ማታ፣
የከሰሉን ጋራ ሲገፋ፣ ሲጠቀጥቅ፣
ጥርሱ ብቻ ነጭ፣ ሲስቅ።
«ከሰል ካልጠቀጠቁት፣ አየር ከገባበት፣
ከውስጡ ይነዳል፣ ማንም ሳይለኩስበት።
ሰውም እንደዚያው ነው» ይለኛል፤ ያስላል።
«ምነው?» ስለው፣ «አየር ገብቶብኝ» ይላል።

ሚስቱ ኦፓል ደግሞ ነፋስ ታነብ ነበር።
ከምሥራቅ ሲመጣ ታሰጣለች፤
ከምዕራብ ሲነሳ፣ ጭሱ ሳይቀድማት፣
አንሶላዋን ከገመድ ታወርዳለች።
አንሶላስ ይሰበሰባል፤ መኪና ውጭ ያድራል፤
አመድ ቀለሙን እንደ ብል ይበላል።

ኩባንያው ሰማ። በየወሩ በፖስታ
አራት የናስ ቁራጭ ላከላት፣ ስጦታ፤
ማጠቢያ ጣቢያው ማሽን ውስጥ ሲከቱት
ሳሙና የሚያስተፋ፣ ለአምስት ደቂቃ።
«ይቅርታ» የሚል ቃል ፖስታው ውስጥ የለም።
እሷም በባዶ የማር ጠርሙስ ስትጥለው ኖረች፤
አንድም ቀን መኪና አላጠበችም።

ቨርነን በየካቲት አረፈ።
የሳንባውን ፎቶ አሳየችኝ፤ ክምሩ እዚያም ነበር፣
ዶዘር የሌለው።
ሠላሳ ዓመት ለፍቶ፣ አመድ አፋሽ እጁ
ከነጥቁር ጥፍሩ ተሸኘ ከደጁ።

በሰኔ ማዘዣ መጣ፦ «ሦስት ወር አልከፈለችም፤ ቁረጥ።»
ፒንሳዬን ይዤ ሄድኩ።
ከቤቷ በላይ ባለው ምሰሶ፣ ሦስት መቶ ሺህ ቮልት
እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርማል።
ኦፓል ጠርሙሷን አመጣች፤ በረንዳው ላይ ዘረገፈችው።
«የኩባንያችሁ ገንዘብ ነው» አለች። «ቁጠር።
ቆጣሪ አይደለህ?»

ቆጠርኩ። ተንበርክኬ፣ አንድ በአንድ።
ሁለት መቶ ስምንት።
አንዱ ተንከባሎ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤
እሱንም በፒንሳዬ አወጣሁት።
ፒንሳው ያን ቀን የሠራው ሥራ ይኸው ነው።

በማዘዣው ግርጌ፣ «ያልተቆረጠበት ምክንያት» ከሚለው ፊት፣
እጄ ከእኔ ቀድሞ ጻፈ፦
መግባት አልተቻለም። ክፉ ውሻ አለ።

ኦፓል ውሻ የላትም።
በሐምሌም ጻፍኩ። በነሐሴም።
ኩባንያው ደብዳቤ ላከላት፦ «ውሻዎን በሰንሰለት ይያዙ።»
በማግሥቱ ባልፍ፣ ከአጥሩ በር ሥር
አንድ ካስማ፣ አንድ ዝገት የበላው ሰንሰለት፣
ጫፉ ማንንም ያልያዘ፤
አጠገቡ ውኃ የሞላ ሳህን፣
ስሙም በቀይ ቀለም ተጽፎበት፦ «ኪሎዋት»።

ዘንድሮ ጭስ ማውጫዎቹን በድማሚት ጣሏቸው።
ከተማው ወንበር ይዞ ወጣ፤
ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ባርኔጣ አወለቀ፤
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ብቻ
ከእንግዲህ ግብሩን ማን እንደሚከፍል ያሰላ ነበር።
መጀመሪያ ተንበረከኩ፤ ድምፁ ዘግይቶ መጣ።

እኔ ኦፓል አጥር ላይ ተደግፌ ነበርኩ፣ ጡረተኛ።
እሷ ቀና ብላ አላየችም።
ጣቷን በምራቋ አርሳ አየሩን ዳሰሰች፤ ከምዕራብ ነው፤
አንሶላዋን አወረደች።
አቧራው ሲረጋ ወደ በሩ ወጣች፣
ከሳህኑ ግራጫውን ደፋች፣
ንጹሕ ውኃ ሞላች።

«ይጠማዋል» አለች።