ከቬንትሌተሩ ሥር

ታይዋን ገበያ ገባሁ፣ ቀኑ እንደተጋመሰ፣
ጥላው ከፀሐይ ሸሽቶ ግድግዳ ሥር እንዳነሰ፤
ላቤን በሸሚዜ ክንድ እየጠረግሁ፣
አምፕሊፋየር ልገዛ፣ የኪሴን እየቆጠርሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡሩ ወርክሾፕ ብረት ስመታ፣
በግራ ጆሮዬ በኩል ዓለም በሯን ዘግታ፣
የቀረኝ ቀኙ ነው፤ እሱም ነገር ያጣራል፣
ወሬን ከሙዚቃ ለይቶ ያበጥራል።

አይደሩስ ነው ሻጩ፤ ጉንጩን ጫት ወጥሮታል፣
ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉን "አንተ" ይላል።
"ግባ አቦ! ይሄ ጥቁሩ ሦስት ሺህ ዋት ያወጣል፣
ሳቢያን ላይ ከፍተኸው ድምፁ ከዚራ ይመጣል!"
(በግራዬ ቆሞ ነበር፤ ቁጥሩ እዚያው ቀረ፣
እኔ ጋ የደረሰው ዜሮው ብቻ ነበረ።)

ሰካው። ቀይ፣ አረንጓዴ መብራት ተሯሯጠ፣
ቤዙ ሆዴን መታኝ፤ የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ፤
ከፊት ለፊት የሻይ ቤቱ ሰው ጆሮውን ይዞ ወጣ፣
አይደሩስ አውራ ጣቱን ቀስሮ ሳቁ መጣ።

እኔ የብረት ሰው ነኝ፤ በእጄ ነው የማየው፣
ባንድ እጄ አነሳሁት፤ ከቆርቆሮው ሌላ ምንም የለው።
"ትራንስፎርመሩ የታል?" አልኩት። "እሱ ድሮ ቀረ፣
ዘንድሮ ሁሉ ነገር እንደ ሐሜት ቀሎ ነው የተፈጠረ።"

ከኪሴ ካሴት አወጣሁ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ፤
አዲጋላ ላይ ባቡሩ ቆሞብን፣ ንጋት እንደራቀ፣
ጉሌድ ኡዱን የመታው፣ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ፣
ጣቱ ከክር ክር ሲሻገር ትንፋሹን ውጦ።
የምፈልገው ያችኑ ትንፋሽ ነው።
"ዝቅ አድርገው" አልኩት።
"ዝቅ?" አለኝ፣ ዋጋ ቀንስ ያልኩት መስሎት።
"ድምፁን" አልኩ። ቀነሰው፤ ነገሩ አልገባ ብሎት።
ጥቁሩ ሣጥን ድምፁ ሲቀንስ የሚለው ጠፋው፣
በአሸዋ ሹክሹክታ ጉሌድን ከነኡዱ ደፋው።

መብራት ሄደ። ታይዋን ባንድ አፍ ዝም አለ፤
ቬንትሌተሩ ተንገዳግዶ ቆመ፤ ዓይኔም ከሥሩ ዋለ፦
ፊቱ ብርማ፣ ጎኑ እንጨት፣ አቧራ የለበሰ፣
ስንት በጋ ቬንትሌተር አዝሎ ያልጎበጠ፣ ያልከሰሰ።

"እሱስ?" "የቱ?" "ያ።" "እሱማ በርጩማ ነው!"
ጎንበስ ብዬ ላነሳው ብል፣ ወገቤን "ቆይ" አለው።
ክብደት! ሆዱ ውስጥ መዳብ አለ፣ አለ እውነተኛ ብረት፣
የሌሊት ፈረቃ የለመደ ሰው ዓይነት ኩራት።

አይደሩስ ዓይኔን አነበበ፤ ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አሻገረ፣
ያ በርጩማ ባንዲት ደቂቃ የአባቱ ቅርስ ሆኖ አደረ።
"አይሸጥም ወላሂ! አባቴ ነው ከጅቡቲ ያመጣው፣
ስምንት ሺህ ብር የሰጠኝ ሰው አልቅሶ ነው የወጣው!"
"ቬንትሌተሩን ምን ላይ ልታቆም?" ይል ይሆን ብዬ ጠረጠርሁ፣
"ጥቁሩ ለበርጩማ ይበቃል" ብዬ ቀድሜ መከርሁ።
ሳቀ። ሁለት ሺህ ወረደ። ሻይ አዘዘ። እኔ ተነሣሁ፣
ካሴቴን እዚያው፣ አውቄ፣ ረሳሁ።

"ጋሼ! ካሴትህ!" ብሎ ጠራኝ፤ ሌላ ሺህ አብሮ ወረደ፣
ከዚያ ዝም አለ፤ መሬት መሬት እያየ አንድ እውነት ወለደ፦
"ግራው አይሠራም። ልንገርህ። ቀኙ ብቻ ነው።"
በዚያን ቀን ካለው ሁሉ እውነቱ ይህ፤ ሲለውም የቆመው በቀኜ ነው።

አምስቱን ሺህ ቆጠርሁ፣ ሳቄን ዋጥ አደረግሁ፣
በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌው ደቻቱን ተሻገርሁ።

ማታ ትርፌ "ግማሽ ጎኑ ዲዳ ነው" ብላ ወቀሰች፤
ባንድ ማይክ የተቀዳች ኡድ ላንድ ጆሮ መች አነሰች?
ወንበሬን አዞርሁ። ጉሌድ ሳል አለ፤ ክብሪት ጫረ፤
ከሩቅ፣ ከፉርጎው ማዶ፣ አንድ ሰው ስለ ውኃ ተናገረ፤
ከዚያ ያች ትንፋሽ።

"ጨምረው እንጂ!" አለች ትርፌ ከጓዳ።
ዝቅ አደረግሁት።