ከኋላህ ሰው አለ

ዊኒፔግ። ጥር ነው። ከሌሊቱ አሥር ተኩል።
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ይላል።
የሞተር ማሞቂያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ፣
ደርቆ እንደ ሽቦ፣ አልጠቀለል ቢለኝ ወረወርኩ።
መስታወቱን ጊዜው ባለፈ የባንክ ካርድ ፍቄ
ገባሁ፤ ወንበሩ ድንጋይ ነው፤ ተቀመጥኩ ተሳቅቄ።

የኋላ ማርሽ ሳስገባ
ጢጥ።
ጢጥ ጢጥ።
ጢጢጢጢጢጥ።
ስክሪኑ ቀላ፤ ቀይ ቅስት በቀይ ቅስት ላይ፤
«ቁም! ከኋላህ ሰው አለ! አይታይህም ወይ?»

ፍሬን ይዤ ወረድኩ፤ ዞሬ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
ከጭስ ማውጫው እንፋሎት ጋር ብቻዬን ተፋጠጥሁ።
የትናንት የጎማዬ ፈር፣ የአንዲት ድመት ዱካ፣
ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው፤ ነጩም አይለካ።

ሰኞ እንዲህ ከሰሰኝ፤ ማክሰኞም ከሰሰ፤
ረቡዕ ሲሆን ጭራሹን ባሰ።
በየቀኑ እወርዳለሁ፣ በየቀኑ ባዶ፣
በየቀኑ ያው ነጭ፣ በየቀኑ በረዶ።

ጥሩወርቅ ከብርድ ልብሷ ሥር፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
«እባብ አይታ ነው መኪናህ፤ ትበረግጋለች በልጥ።»

ቅዳሜ ኮቫልቹክ ጋራዥ ወሰድኳት፣ በሽተኛ ናት ብዬ፣
ለክፉው ዋጋ ልቤን አደላድዬ።
ሽማግሌው አንድ ብሎን እንኳ አልፈታም፤
ጉልበቱ ቢንቋቋም ከመንበርከክ አልተገታም።
በጥፍሩ ከፓራውልቱ ላይ የፋቀው አመዳይ
ከዝንብ ክንፍ የቀጠነ፣ ካልቀረቡት የማይታይ።

«አልታመመችም» አለኝ፤ «ያው የዚህ አገር ውርጭ።
ሴንሰሩ ዓይን ላይ ይጋገራል፤ ድምፁን ሲልክ ወደ ውጭ
ገና ደጁ ላይ ይጋጭና ይመለሳል ወደ ራሱ፤
የገዛ ፊቱን በረዶ፣ ግድግዳ ነው ይላል እሱ።»
ገንዘቤን ገፋው። «ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፤
ቶሎ በል ብቻ፤ ደግሞ እንዳትረሳ ማድረቅ።»

እሺ አልኩ። ግን በዚያ ሌሊት ማን ውሃ ያሞቃል?
የሆስፒታል አንሶላ ተራራ አጣቢውን ይጠብቃል።
ለመድኩት በቃ። ጆሮ ምን አይለምድም?
ጢጥ ሲል «ሰማሁ» እለዋለሁ፤ ሰውነቴ ግን አይወርድም።
ሬዲዮው ስለ ብርዱ ያወራል፤ ሴንሰሩ ይከሳል፤
እኔ አፏጫለሁ፤ ሁሉም እየጮኸ፣ ሁሉም ይረሳል።

የካቲት። ሌላ ረቡዕ። ጮኸ።
«ዋሾ» አልኩት። እግሬን ከፍሬኑ አነሳሁ።
መኪናዋ አንድ ስንዝር ተንከባለለች፤
ከቀዩ መብራት ሥር
አንዲት ቢጫ ኮፍያ ብቅ አለች።

ዶሪን ናት። ጎረቤቴ። ሰባ ስምንት ነው ዓመቷ።
ከሌሊት ልብሷ በላይ የሟች ባሏ ካፖርት፣ እስከ ባቷ።
ተንበርክካ ነበር፤ በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በአንድ እጇ ፎጣ፤
አንዱን ዓይን፣ ሁለቱን፣ ሦስቱን አጥባ፣ ወደ አራተኛው ስትመጣ።

«ግድግዳችን ስስ ነው» አለች። «ወር ሙሉ ሲጣራ ሰማሁት፤
ሰው ያጣ ቢመስለኝ ነው የመጣሁት።»

ጉልበቴ ራደ፤ በብርዱ አላሳበብሁም፤
«ይቅርታ» የሚለውን ቃል ከአፌ ፈልጌ አላገኘሁም።
ፔርሙዙን ተቀበልኳት፤ የቀረችውን ዓይን አጠብኩ፤
ውሃው ጣቴ ላይ በረዶ ሳይሆን በፊት አደረቅኩ።

ሦስቱ የታጠቡት ናቸው ዶሪንን አይተው የጮኹት?
ወይስ አራተኛዋ ናት፣ እንደ ልማዷ፣ ያው የውርጭ ውሸት?
ኮቫልቹክን ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።
እኔም ተውኩት።

አሁን ሚያዝያ ነው። በረዶው በየቦዩ ይፈሳል፤
መኪናዬ ጸጥ ብላለች፤ ጆሮዬ ግን ያንን ድምፅ ያስሳል።
ማርሽ ሳላስገባ እወርዳለሁ፤
ዞሬ፣ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤
ማንም የለም።
ለዚያ ለማንም፣ «እንደምን አደርክ» እላለሁ።