በምን ላድርግልዎት?

ፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ከደረጃው በታች፣
ሁለት ሰው ሲገባ የምትሞላ ሱቅ አለች፤
ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የሞባይል ካርድ፣
ከፍላሽ ወደ ስልክ ፋይል ማውረድ።

ማክሰኞ ከሰዓት እትዬ ዘርፈሽዋል
በፌስታል ጠቅልለው ደብተር ይዘው መጥተዋል።
«የባለቤቴ ነው፤ በለጠው የጻፈው።
ስልኬ ውስጥ አስገባልኝ፣
የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንዳነበው።»

«በምን ላድርግልዎት?» አልኩ እንደ ባለሙያ፣
ጣቃ እንደሚዘረጋ ሰው በሸማ ተራ ገበያ፦

«ፒዲኤፍ እልኸኛ ነው፤ ገጹን አያዛንፍ፣
ስልክዎ ጠበበ ብሎ አይሰበሰብ፣ አይታጠፍ፤
ወደ ግራ ሲስቡት ቀኙ ያመልጥዎታል፣
በቁልፍ ቀዳዳ ሠርግ እንደ ማየት ይሆናል፤
ሙሽራዋ ስትደርስ ሚዜው ይጋርዳታል።

ኢፐብ ግን ውሃ ነው፤ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል፣
ፊደሉን ያሳድጉት፣ እሺ ብሎ ያድጋል።»

ይህን ብዬ ሞከርኩት፣ አንዷን ግጥም ተይቤ።
ስልካቸው አሮጌ ነው።
«ኳ» የነበረችበት ሳጥን፣
«ጧ» የነበረችበት ሳጥን፣
ስንኙም ካለቦታው እየተሰበረ
የበለጠው ቤት
መምቻ
ውን ጥሎ እንዲህ
ቀረ።

አፈርኩ። «ድረ ገጽ ላይስ ብናውለው?» አልኳቸው፣
«የትም ሆነው ይከፍቱታል፣ ዳታ ብቻ ካለዎት እጅዎ ላይ።»
መነጽራቸውን አወለቁ።
«ሠላሳ ስምንት ዓመት በነጻ ያነበበልኝን ሰውዬ
ዛሬ በጥቅል ልገዛው?
እኩለ ሌሊት ሲሆን አበቃ ሊሉኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ
ስካን ያደረግሁትን ገጽ ከፈትኩላቸው፤
በሁለት ጣታቸው አሰፉት፣ አሰፉት፣
እስክሪብቶው ካፈሰሰበት ጠርዝ እስኪደርሱ ጎተቱት፣
«ናፍቆት» ብሎ ጽፎ፣
ሰርዞ፣
«ረሃብ» ካለበት።

«ይቺን መሰረዙን አልነገረኝም» አሉ።
ለኔ አልነበረም የነገሩት።

«ይኼኛው ይሁንልኝ።»
«ግን እትዬ፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚታይዎት።»
«ታዲያ ምን አስቸኮለኝ? ሠላሳ ሁለት ገጽ ናት ያለችኝ።»

አርባ ብር ከፈሉ። ወጥተው ደረጃው ሥር ቆሙ፤
ወደ ግራ ሳብ፣ ወደ ቀኝ ሳብ፣
ታክሲው ሞልቶ ሄደ፣ ሌላው መጣ፣ እሱም ሞላ።

ያቺ የተበላሸችዋ ፋይል
እስካሁን እኔ ስልክ ላይ አለች።
ደንበኛ ሲጠፋ ከፍቼ
ከየሳጥኑ ውስጥ የትኛዋ ፊደል እንደተቀመጠች
እገምታለሁ።