የፔጆዋ ሒሳብ

ደብተሩ የፈቲሃ ነው፣ የሱቋ የዱቤ ደብተር፤
ገልብጣ ሰጠችኝ ከኋላው፣ "ቤንዚንህን ከዚህ ቁጠር።"
ከፊት የሰው ዕዳ አለ፦ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት፤
ከኋላ የእኔ ዕዳ፦ ሊትር በሊትር፣ ዕለት በዕለት።

ፔጆዬ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤
ከፈላና በር ወጥታ፣ ድሬ ደርሳ ስትመለስ
ጀሪካን ሙሉ ጠጥታ "ጨምር" ትላለች።

ቤንዚን የጨመረ ሰሞን፣ ሰልፉ ከማደያው አልፎ
አስፋልቱ ዳር ባደረ ጊዜ ጎማ ለጎማ ተቃቅፎ፣
ወረድኩ ሳቢያን፣ ረመዳን ዩያ ጋራዥ፤
እጁ ግራሶ፣ ምላሱ ማር፣
ለመኪና ሐኪም፣ ለኪስ መጋዝ።

ኮፈኗን ከፈተና እንደ ታማሚ አዳመጣት፦
"ጠጪ ናት አትበል፤ ጉሮሮዋ ነው የሰፋባት።
ጅግለሯን እናጥብበው፣ ካንዴላዋን እንቀይር፣
ጎማዋን ጠጠር አርገህ ንፋው፣ እንደ ድንጋይ ይሽከርከር።
ይሄን ፖርታ ባጋልያ ደግሞ አውርደህ ሽጠው፤
ባዶም ቢሆን ንፋስ ነው ጭነቱ፣
ሰማይ ነው ተሸክመህ የምትወጣው።"

ጻፍኩ።
ጅግለር ስምንት መቶ ሃምሳ። አራት ካንዴላ ሁለት ሺህ።
የእጅ ሺህ አምስት መቶ።
ፖርታ ባጋልያው በሦስት ሺህ ሄደ፣ ለአወዳይ ጫት ጫኝ።
(ለረመዳን ሻይ ሃምሳ ብር፤ እሷን ሳልጽፋት አለፍኩ።)

የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር።
በመቶ ኪሎሜትር አሥራ አራት ትጠጣ የነበረች
አሥራ አንድ ተኩል ላይ በቃኝ አለች፤
ፈቲሃ እንኳን፣ የማትደነቀው ፈቲሃ፣
ቁጥሩን በቀይ ከበበች።

ጥጋብ ግን ቁልቁለት ይወዳል። ደንገጎ ጫፍ ላይ
ሞተሯን አጥፍቼ በፎሌ ለቀቅኳት።
ንፋስ ብቻ። ድሬ ከታች ነጭ ሙቀቷን ለብሳ።
ከኋላ ወንበር አንዲት ባልቴት፦
"ያ ረቢ! ይሄ ልጅ የእኛን ነፍስ አስይዞ ነው
ቤንዚን የሚቆጥበው?"
የፍሬኑ ሸራ ነደደ፤ ሽታው ሦስት ቀን ከሸሚዜ አልለቀቀም።
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ጻፍኩ።

ጦይባ፣ የሐሙስ ደንበኛዬ፣ ቅርጫቶቿን ደርድራ
ቀና ብላ አየችና ሳቀች፦ "ጣራህ ሆኗል ራሰ በራ!"
ብላኝ ከሌላ ጋር ሄደች፣ ሰባት ሐሙስ፣
አራት መቶ፣ አራት መቶ፣ ከኪሴ ስትቀነስ።

ቁልቁለት ያለው ሽቅብም አለው። ደረቷ እንደጠበበ ሰው
ታስል ጀመር፤ አንድ ቀን ሐረማያ ሳትደርስ
ቫልቯ ተቃጠለ።
ስድስት ሺህ። ረመዳን፣ ዓይኔን ሳያይ፣
ሲጠብ "እናጥብበው" ያለው ሰው
ሲቃጠል "አጥብበኸዋል" አለ።

ፈቲሃ ማታ ደመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣
እስክሪብቶው አይቸኩልም።
ወጪ፦ አሥራ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ።
የሰባት ሳምንት የተረፈ ቤንዚን፣ ከፖርታ ባጋልያው ጋር፦
አሥራ አምስት ሺህ ስድስት መቶ።
"መቶ ሃምሳ ብር ብቻ!" አልኩ፣ ልክ እንዳተረፈ ሰው።
"ሁለት መቶ" አለችኝ።
"ረመዳን ሻይ ሳይጠጣ ብሎን አያስርም።"

ከዚያ ወደ እግሬ አየች።
"ጠጪው ይሄ ነው። ጫማህን አውልቅ፤
ፔዳሏን ከሥሯ እንቁላል እንዳለ ርገጣት።
ይሄ ጋራዥ አይጠይቅም።"

ጅግለሯ ወደ ጥንቱ ተመልሷል። በባዶ እግሬ እነዳለሁ።
ባጃጅ ያልፈኛል፣ አይሱዙ በጡሩምባ ይሰድበኛል፣
ጋሪ እንኳ ሰላም ብሎኝ ይቀድማል።
አሥራ ሁለት ሊትር። አንዳንዴ ከዚያም በታች።
አንድ ሰዓት ላይ እገባ የነበርኩት፣ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ፣
ልጆቹ ተኝተው።

ትናንት ደብተሩን ስገልጥ፣ በእሷ የእጅ ጽሕፈት
አዲስ መስመር ተሰምሯል። "ማምሸት" ይላል።
ዋጋውን አልጻፈችም።