ሜትር ተኩል

የኔ ሥራ መለካት ነው።
ፍኖተ ሰላም፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ካንገቴ ላይ ሜትር፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ወገብ፣ የሰው ቁመት ስጽፍ በደብተር፣
የራሴን አንጀት ርዝመት ግን አላውቅም ነበር።

ክኒኑ ሦስት ዓመት ታዘዘኝ።
ከዚያ ለመደኝ መሰል፣ ወይ እኔ ለመድኩት፣ እንጃ፤
አንድ የጥቅምት ሌሊት ዘጠኝ ጊዜ ወደ ጓሮ፣
በባትሪ፣ ከዚያም በጨረቃ፤
ደሙን አይቼ ባትሪውን አጠፋሁት፣
ማስተዋል እንዳትነቃ።

ቀጥሎ የመጣው ፊት የሚያሳብጥ ነው።
ጉንጬ ሞላ፣ አገጬ ጠፋ፣ መስታወቴ ሰው አሳተኝ፤
ገበያተኛው ሁሉ «አማረብህ! ምን አገኘህ?» አለኝ።
ተስማማኝ አልኩ። ምን ልበል?
ሸሚዜ ካንገት ሲጠበኝ ሱሪዬ ከታች ይሰፋል፤
ባንድ ገላ ሁለት ሰው፣ የትኛው ይለካል?

ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ወንበሬ ከበሩ ሥር ነው።
አገሩን የማውቀው በመጸዳጃው ነው፦
ቡሬ፣ ከማደያው ኋላ፣ ቁልፉ ከሴትዮዋ ጋር፤
እንጅባራ፣ ይከፈላል፣ ውሃ የለም፤
ዳንግላ፣ በቆሎው ከፍ ካለ ብቻ፤
መርአዊ፣ እሱ ያውቃል።
«ወራጅ አለ!» ስል ረዳቱ «አሁን አይደል የተነሣን?» ይላል፤
አንተ ሆደ ሰፊ ሁን ልጄ፣ የኔስ ጠቧል።

ሐኪሙ ልንገረው ይባላል።
«ቁርጡን ንገረኝ» አልኩት፤ እንደ ስሙ ነገረኝ።
«የደከመው መድኃኒቱ ነው፤ አንተ አይደለህም» አለኝ።
(ይህችን ቃል እስከ ቤቴ በደረት ኪሴ ይዣት መጣሁ።)

«አንዱ መንገድ በደም ሥር የሚሰጥ ነው፣ በየስምንት ሳምንቱ፤
በበረዶ ታሽጎ ካዲስ አበባ ነው የሚመጣ፣ ካለ።
አስቀድሞ ሳንባህ ይታያል፣ የተኛ ነቀርሳ እንዳይነሣ።
ይሠራ ይሆናል። ሠርቶም ይተው ይሆናል።»
ዋጋውን ሲነግረኝ በልቤ መነዘርኩት፤
የመቶ ተማሪ ዩኒፎርም ሆኖ አገኘሁት።

«ሌላው መቁረጥ ነው። ትልቁ አንጀት እንዳለ ይወጣል፤
ከእምብርትህ ጎን ትንሽ አፍ ይከፈታል፣ ከረጢት ይለጠፋል።»
«ስንት ነው ርዝመቱ?» ብለው ደንገጥ አለ።
«ሜትር ተኩል ገደማ።»
ሜትር ተኩል!
አንድ ሱሪ እኮ ነው፣ ከነኪሱ።

የቅኔ አገር ሰው ነኝ፤
«ቆረጠ» ማለት «ወሰነ» እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤
ሰሙ ቢላዋ መሆኑን ግን ገና አሁን አየሁ።

ወንድሜ እንየው ጠበል አለኝ፤ ሄድኩ።
ቀዘቀዘኝ፣ አለቀስኩ፣ ቀለል አለኝ፤ ደሙ አልቆመም።
ቄሱ ራሳቸው «ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው፣ አትዘግይ» አሉኝ።

ያን ማታ ለማስተዋል ሁሉን ዘረገፍኩት፣
ባትሪውን፣ ጓሮውን፣ ዘጠኙን ምልልስ።
ሆድ ይፍጀው እያልኩ ያፈንኩትን፣
ይኸው ሆዴን ፈጀው፣ አልኳት።
አልመለሰችም።
ሜትሩን ካንገቴ አወረደችና
«የት ላይ ነው የሚከፍቱት?» አለች።
በስተቀኝ አሳየኋት።
ጠመኔዬን አንሥታ በቆዳዬ ላይ ነጭ መስቀል አደረገች፤
«ቁጭ በል። ተነሥ። ጎንበስ።
ቀበቶህ እዚህ ያርፍበታል፣ ወገቡን ከፍ አድርገው» አለች፤
ሃያ ሁለት ዓመት ስለካ አይታኛለች ለካ።

ያስጠጣኝ መርፌው ይሁን፣ ያድነኝ ቢላዋው፣ ገና አልቆረጥኩም።
ልንገረው እስከ ኅዳር ሚካኤል ቀን ሰጥቶኛል።
ግራጫ ቁራጭ ጨርቅ ነበረኝ፣ ከሙሽራ ሱፍ የተረፈ፣ ለስላሳ።
ገበሩን ከጥጥ አደረግሁለት፤
ለማንም የማላሳየው ኪስ ነው፤
ሰፍቼ ጨርሻለሁ።