ክንድሽን አምጪ

ቅዳሜ ነው። ሊማ ጉም ለብሳ አድራለች፤
ዝናብ አታውቅም፣ ብቻ ታካፋለች።
ዘናይዳ መስታወቱ ፊት ቆማለች፣
ብሩሽ ታጥባለች፣ ቅባት ታሞቃለች።

ወንበሩ ላይ ያለው ዶን ረሚሂዮ ነው፣
አገር ምድሩን በሳቅ ፍርፍር የሚያደርገው።
የስፖንጅ አፍንጫ፣ የጎማ ከንፈር፣
ከአሮጌ ምንጣፍ የተገመደ ጸጉር፤
ይህን ሲለብስ ስሙ "ቦንቾ" ይባላል፣
ማንኪያ ይሰርቃል፣ ሒሳብ ይሳሳታል፣
ከበሮ ሲሰማ ወገቡ ይፈታል።

አንድ ነገር ቀረ። ዳይሬክተሩ መጣ፤
"ክንድሽን አምጪ" አላት፣ ሳይቆጣ፣
"ቀለሙን እንየው፣ በደንብ ጠቁሮ ይውጣ።"
ዘረጋችለት፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣
ከሰውየው ጉንጭ አጠገብ አቅርባ።
ሁለቱን አስተያየ እንደ ጨርቅ ነጋዴ፤
"ትንሽ ይቀረዋል፣ ድገሚው እስኪ አንዴ።"

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ።

እኔ መብራት አብሪ፣ መሰላል ላይ ነኝ፣
ያየሁትን ሁሉ አላየሁም ባይ ነኝ።
ቦንቾ ሲንከባለል እኔም ስቄያለሁ፣
ብርሃን ሲያንሰው ጨምሬለታለሁ።
ረቡዕ ግን ተራው የእናቴ ይሆናል፤
ጺሙን የተላጨ አንድ ወንድ ይመጣል፣
ድርብርብ ቀሚሷን፣ ጉንጉኗን ይለብሳል፣
በተራራ ቋንቋዋ ይኮላተፍባታል።
እሱንም አበራለሁ። ደመወዝ ይከፈላል።

ስም የሚያጠፋ ሰው ጥላሸት ይቀባል፤
የኛ ሰው ብልሃት ከዚህም ይረቃል፦
ጥላሸቱን ወስዶ በራሱ ፊት ይለቀልቃል፣
እሱ ታጥቦ ይሄዳል፣
ሌላ ሰው ይጠለሻል።

መታጠቡም ቢሆን በውሃ አይደለም፤
ያለ ዘይትና ጥጥ ቅባቱ አይለቅም።
ዘጠኝ ድቡልቡል ጥጥ። ቆጥሬዋለሁ።
የዘናይዳ አያቶች በቺንቻ ሜዳ
ጥጥ ሲለቅሙ ኖሩ በማያልቅ ዕዳ፤
በዚያ ጥጥ የልጅ ልጅ ቅዳሜ ማታ
ያጠቆረችውን ታነጣለች፣ ወልውላ አጥርታ።

አንድ አርብ ኤበር መጣ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣
ቦርሳውን ወርውሮ፣ ደስታው ሞልቶ እስከ ደጅ፦
"እማ፣ ለበዓሉ ቦንቾን የምሆን እኔ ነኝ!
'ላንተ ቀለም አያሻም' መምህሯ አለችኝ፤
ልጆቹ ግን 'አይበቃም' ይላሉ። እውነት ነው፣
የቴሌቪዥኑ ቦንቾ ከኔ ይልቅ ጥቁር ነው።
ትንሽ ቅባት አምጪልኝ።"
ከጆሮው ጀርባ ላይ፣ በአንገቱ ዙሪያ፣
የጫማ ቀለም ነው፤ የልምምድ መጀመሪያ።

ምን ብላ መለሰች? አልነገረችኝም።
በማግስቱ ግን ከሥራ አልቀረችም፤
ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ እስከ አንጓዋ በቁልፍ፣
"ክንድሽን" ሲላት፣ "አሞኛል" አለች ስታልፍ።
ያለ ልኬት ቀባች፤ ሬንጅ ሆነ ፊቱ፣
ሕዝቡ ግን ሳቀለት፣ ከወትሮው በብርቱ።

መጋረጃው ሲወርድ ማንም አልነበረ፤
ጥጡ ከነዘይቱ ከመደርደሪያው ተሰወረ።
ረሚሂዮ ጮኸ፣ ቧንቧ ከፈተበት፤
ውሃው ቅባቱን ይበልጥ አዳረሰበት።
አፍንጫውን ነቅሎ፣ ጸጉሩን አውልቆ፣
ወጣ ወደ ጎዳና፣ በንዴት ታንቆ።
አዲሱ ዘበኛ መታወቂያ ጠየቀው፣
"የሠራተኛ በር በጓሮ ነው" አለው።
እጁን አነሳ፤ አንድ ታክሲ አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤
ሦስተኛው ዝግ ብሎ፣ አይቶት፣ በሩን ቆለፈ።
ካፊያው በጉንጩ ላይ እየተንከባለለ
ለመጀመሪያ ጊዜ ቦንቾ ዝም አለ።

"ሆን ብለሽ ነው?" አልኳት፣ ሰኞ፣ ዕቃዋን ስታወጣ፤
"ለልጄ ነው" አለችኝ። ፊቷ ላይ የለም ቁጣ።
"የጫማ ቀለም ክፉ ነው፣ በሳሙና አልል አለኝ፤
ዘጠኙንም ጨረስኩት። ከሥሩ ልጄ ወጣልኝ።"

እሷ ሄደች። እኔ አለሁ።
ነገ ረቡዕ ነው።
የእናቴ ቀሚስ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤
እጄ ማብሪያው ላይ ነው።